የሯጩ መርዶ

ካሰል፣ ጀርመን
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ወንድም ጋሼ ልዑልሰገድ፤

የአምላክ ሰላም ከደጅዎ አይራቅ፤ ያሰቡት ይሙላ፣ የዘሩት ይብቀል። እንዴት ሰነበቱ? እትዬ ውዳሴና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ስሙ ይመስገንና ከቀዶ ጥገናው ወጥቼ ቤቴ ገብቻለሁ። ሐኪሙ ቁስሌ እስኪጠግግ ከባድ ዕቃ እንዳላነሳና እንዳልደነግጥ አዞኛል። «ዕቃውስ ይሁን፣ አትደንግጪ ብሎ ማዘዝ እንዴት ይቻላል?» ብለው ሳቀብኝ።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ለምሥራች ነው። ዩኒቨርሲቲው በስፖርት ያስጠሩትን የቀድሞ ተማሪዎቹን ሰብስቦ ሊያከብር እንደሆነ በገጹ ላይ አነበብኩ። ከተጠሩት ስሞች መካከል የወንድሜ የእንዳለው ስም አለ! ቁስሌን በእጄ ይዤ ብቻዬን እልል አልኩ። ጎረቤቴ ጀርመኗ በር አንኳኩታ «አምቡላንስ ልጥራልሽ?» አለችኝ።

ወንድም ጋሼ፣ እንዳለውን እርስዎም ያውቁታል። ገና ልጅ ሳለ ሰዓት ይዘው ያሠለጠኑት እርስዎ ነዎት። የሰው ዓይን ይፈራል። ሽልማት አለ ከተባለ አጨዳ ደርሷል ብሎ ቆላ ይወርዳል። እባክዎ እርስዎ ራስዎ ወስደው መድረኩ ላይ ያቁሙልኝ። ሱፍ ልብስ ሰው ሳገኝ እልካለሁ። ሜዳሊያውን አንገቱ ላይ አድርጎ የተነሣውን ፎቶግራፍ ይላኩልኝ፤ ሌላ ምንም አልጠይቅዎም።

እሱስ ምነው ጠፋ? ከጳጉሜ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ከተዘጋ በኋላ የሰዉን መልእክት ይዞ ከዝግባ ማርያም ቡሬ፣ ከቡሬ ዝግባ ማርያም እንደሚሮጥ ነግሮኝ ነበር። «ኔትወርክ ሲጠፋ የሀገሩ ስልክ እኔ ሆንሁ፤ ያውም ቻርጅ የማልፈልግ» ብሎ አሥቆኛል። ለእናቴ ጉልበቷን ሳሙልኝ።

እህትዎ ንግሥቴ


ፍኖተ ሰላም
ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ባንተአምላክ
በካሰል የሀገራችን ሰዎች ማኅበር ሰብሳቢ

ጤና ይስጥልኝ። በአካል አንተዋወቅም፤ ግን የሀገሬ ሰው ነዎትና የምጽፍልዎ በዚያ ተማምኜ ነው።

ነገሩን አላዞርም። የንግሥቴ ወንድም እንዳለው ሞቷል። መስከረም 20 ቀን ከቡሬ ወደ መንደሩ ሲመለስ መንገድ ላይ በጥይት ተመትቶ ሞተ፤ ዝግባ ማርያም ተቀበረ። የተኮሰው ማን እንደሆነ የነገረን የለም። የጠየቅነው ሁሉ «እኛ አይደለንም» አለ። «ለምን ሮጠ?» ያለንም አለ። ለምን ሮጠ! እንዳለው ሲሮጥ ያላየ የቡሬ ሰው የለም። ሴቶች ገበያ ሲወጡ መንገድ ይለቁለት ነበር፤ ልጆች እየተከተሉ ይጮኹለት ነበር። በዚህ ዘመን ግን መንገዱን የያዘው የማያውቀው ሰው ነው። የማያውቀው ሰው አንድ ሰው እየሮጠ ሲመጣ አየ፤ ተኮሰ። አለቀ።

ሥርዓቱን ያውቁታል። መርዶ በወረቀት አይነገርም፤ በስልክም አይነገርም። የቤተሰቡ የነፍስ አባት መምህር ገብረሰንበት በሽማግሌ ፊት አስምለውኛል። «ልጄ፣ ብቻዋን ባለችበት፣ ሆዷ ተቀዶ በተሰፋበት ወሬውን ብታደርሳት ሁለተኛውን ሬሳ አንተ ቀበርህ ማለት ነው» አሉኝ። እኔ በዚህ ነገር ልቤ አያምንም። እውነት ቀጠሮ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። ቢሆንም ምያለሁ።

ስለዚህ ሐኪሟ ደኅና ነሽ ሲላት፣ የምትቀርባትን ሴትና ቄስ ይዛችሁ፣ እንደ ሀገሩ ወግ ንጋት ላይ ገብታችሁ ንገሯት። እስከዚያው ማንም እንዳይቀድማችሁ ይጠንቀቁልኝ።

ልዑልሰገድ


ፍኖተ ሰላም
ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለንግሥቴ፤

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽና፤ የጎደለብሽን ይሙላልሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እኔና ውዳሴ በሕይወት አለን። እናትሽ እትዬ አየለች ከቤታቸው ናቸው። ጤፉ ታጭዷል፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ነው ያጨደላቸው።

ስለ ዩኒቨርሲቲው ያነበብሽው እውነት ነው፤ በውስጡ ያለው ግን ግማሹ ስሕተት ነው። እንዳለውን የአምስት ሺህ ሜትር ሯጭ ብለውታል። ያሸነፈው አሥር ሺህ ነው፤ ያውም በተከታታይ ሁለት ዓመት። ያወጡት ፎቶግራፍም የእሱ አይደለም፤ የአንድ የመረብ ኳስ ተጫዋች ነው፤ ቁመቱን አይቶ መለየት የማይችል ሰው የስፖርት ታሪክ ጻፈ! አረንጓዴ ምንጣፍ አንጥፈው፣ ኬክ ቆርሰው፣ «ባለ ታሪኮቻችን» ይላሉ። ባለ ታሪኮቹ ተመርቀው ሲወጡ ግን የት ደረሱ ያለ አልነበረም። አንዱ ጥበቃ ሆኗል፤ አንዷ ጉልት ትቸረችራለች። አንድም ቀን «ኑ፣ ልጆቹን አሠልጥኑ» የተባለ የለም። ለስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ለያረጋል ስሕተቱን ሁሉ ዘርዝሬ ጻፍሁለት። «ጋሼ፣ እናመሰግናለን፣ እናርማለን» አለኝ። አላረመም።

ስለ እንዳለው ጠይቀሽኛል። እንዳለው ዝግባ ማርያም ነው። ለበዓሉ ከዚያ አይወጣም። ሱፍ ልብሱን አትላኪ። ከዚህ የበለጠ ለመጻፍ አልችልም፤ የዘመኑን ነገር አንቺም ትሰሚያለሽ።

ራስሽን ጠብቂ። የሐኪሙን ትእዛዝ አታቃልዪ።

ወንድምሽ ልዑልሰገድ


ካሰል
ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

መጪው ልደት የሰላም፣ የእርቅ ይሁንልን። ደብዳቤዎ አዲስ አበባ ከርሞ ትናንት ደረሰኝ። ቆሜም ተቀምጬም አነበብኩት። ስለ ዩኒቨርሲቲው ገጽ ሙሉ ተቆጥተዋል፤ ስለ ወንድሜ የጻፉት ግን ከጣቴ አይበልጥም። እርስዎ ነገር የሚያሳጥሩ ሰው አልነበሩም።

ስልክዎ ይጠራል፣ አይነሣም። አንድ ቀን እትዬ ውዳሴ አነሣችው። «እንዳለው እንዴት ነው?» ስላት «ወይኔ፣ ወጡ ሊያርርብኝ ነው» ብላ ዘጋችው። ያኔ እናንተ ዘንድ ገና ጠዋት ነበር፤ ያውም ዓርብ። ደግሜ ብደውል ተዘግቷል። ወጡ እስከ ዛሬ አልበሰለም።

ታስሮ ከሆነ ይንገሩኝ። ለታሰረ ሰው ይለመንለታል፤ ስንቅ ይቋጠርለታል። ታምሞ ከሆነም ይንገሩኝ። እግሩ ተቆርጦ ቢሆንም ይንገሩኝ። ሁሉንም አስቤአለሁ፤ አንዱን ብቻ አላሰብኩም፣ አላስብምም።

እዚህ ሆኜ የመጀመሪያውን ውድድሩን አስባለሁ። ከቡሬ ተነሥቼ ላየው ሄጄ ነበር። ሲጨርስ ሁሉም ከበበው፤ ጋዜጠኛው ማይክ አስጠጋው። እሱ ሰዉን ገፍቶ እኔ ጋ መጣና፣ ላቡ እየተንጠባጠበ «ምሳ በልተሻል?» አለኝ። ያሸነፈ ሰው እንዲህ ይላል? «ሂድ አንተ፣ ሰዎቹ እየጠበቁህ ነው» ብለው «እነሱ በልተዋል» አለኝ።

ወንድም ጋሼ፣ ሱፉን ትቻለሁ። ፎቶግራፉንም ትቻለሁ። በገዛ እጁ ስሙን ብቻ ያስጽፉና ይላኩልኝ። የእጅ ጽሑፉን የት ባየው አውቀዋለሁ።

ንግሥቴ


ፍኖተ ሰላም
የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ባንተአምላክ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ሐኪሟ ገና ስላልፈቀደ እንደቆያችሁ ነግረውኛል። አሁን ሐኪም አይጠበቅ። ይህን ደብዳቤ ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ይልክልዎታል፤ እንደደረሰዎ ይሂዱ። ለምን እንደሆነ ልንገርዎ።

የዩኒቨርሲቲው በዓል ባለፈው እሑድ ተከበረ። ከበዓሉ በፊት ያረጋል ጋ ሄጄ ነበር። የሕሊና ጸሎት አዘጋጅቷል፤ ሻማ አስገዝቷል።

«በዓሉ እንደሚቀረጽ፣ እኅቱም ውጭ ሆና እንደምታየው ታውቃለህ?» አልሁት።

«ጋሼ፣ ለሟች ክብር ነው እኮ።»

«ለወንድምየው ክብር ብለህ እኅቱን በፌስቡክ ትገድላለህ?»

«ታዲያ ምን እንበል?»

«ስሙን ጥራ። የሮጠውን ተናገር። አሥር ሺህ በል፣ አምስት ሺህ እንዳትል። ከዚያ ዝም በል።»

«በሕይወት እንዳለ ሰው?»

«በሕይወት እንዳለ ሰው።»

ትክ ብሎ አየኝ። «ጋሼ፣ አንድ ፊደል ስትገደፍ ሦስት ገጽ የሚጽፉብን እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አለኝ።

እትዬ አየለች ካልመጣሁ ብለው አስቸገሩ። «አላለቅስም፤ ብቻ ስሙ ሲጠራ ልስማ» አሉ። መምህር ገብረሰንበትም ፈቀዱላቸው። ከፊት ወንበር አስቀመጥናቸው። የእንዳለው ስም ተጠራ፤ እኔ ወጥቼ ሜዳሊያውን ተቀበልሁ። ስመለስ እትዬ አየለች ተነሥተው ቆመዋል። ቃላቸውን ጠብቀዋል፤ ድምፃቸውን አላሰሙም፣ እንባም አላወጡም። ከነጠላቸው ውስጥ የሚሮጥበትን ማልያ አወጡና ትከሻውን በሁለት እጃቸው ይዘው ከራሳቸው በላይ ከፍ አደረጉት። ወደ ቀኝ አዞሩት፤ ወደ ግራ አዞሩት። በእኛ ሀገር የሰው ልብስ እንዲህ የሚያዘው የት እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ። ለቅሶ ሜዳ ላይ ነው፤ ባለቤቱ ሲሞት።

ተማሪዎቹ ግን የሯጭ እናት የልጇን ማልያ በኩራት ያሳየች መሰላቸው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አፏጩ። «እናታችን ይችላሉ!» ብሎ የጮኸ አለ። አስተዋዋቂው በማይክ «አንድ ጊዜ ደግማችሁ! ሞቅ አድርጋችሁ!» አለ፤ ደገሙት። ከኋላ ተቀምጠው የነበሩ ሁለት ገበሬዎች ብቻ ነገሩ ገባቸው፤ ጋቢያቸውን አውርደው ብድግ አሉ። እትዬ አየለች ጭብጨባው እስኪያልቅ ማልያውን አላወረዱም። እኔ ሜዳሊያውን ይዤ ከጎናቸው ቆምሁ። ላስቆማቸው እጃቸውን ልይዝ አሰብሁ፤ አልቻልሁም።

ይህ ሁሉ ተቀርጿል። በማግሥቱ ለቀቁት። ያረጋልን «አውርደው» ብለው «ጋሼ፣ ሕዝብ ወዶታል እኮ» አለኝ።

ንግሥቴ ያየችው ዕለት ታውቃለች። ሳታይ ቅደሟት።

ልዑልሰገድ


ካሰል
የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፤

እርስዎን ያቆይልኝ። ይህን የምጽፈው ከሥራ ተመልሼ ነው፤ አዎ፣ ሥራ ጀምሬአለሁ።

ቪዲዮውን አየሁት። እናቴ ከስታለች። ከነጠላዋ በታች ጥቁር ለብሳለች።

በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ ደወል ተደወለ። በበሩ ቀዳዳ አየሁ። አቶ ባንተአምላክ ናቸው፤ ከኋላቸው ቄሱ፣ ከቄሱ ኋላ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሁለት ሴቶች። ሰኞ ቀን! የጀርመን ሰው ሥራ በሚገባበት ሰዓት! ውጭው በረዶ ነበር፤ ቄሱ በነጠላ ጫማ ናቸው። «ንግሥቴ፣ እኛ ነን፣ ክፈቺ የኔ እመቤት» አሉ። ማን እንደሆኑ አላጣሁትም። እንዲህ ሆኖ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣም አላጣሁትም፤ እኔም ለሰው እንዲህ ሆኜ ሄጃለሁ። እጄን አፌ ላይ አድርጌ በሩ ሥር ተቀመጥኩ። እነሱ ብርዱ እስኪያቅታቸው ቆሙ። ሲሄዱ አንዷ ሴት ስታለቅስ ሰማኋት። እኔ አላለቀስኩም። ምን ሰማሁና?

ወንድም ጋሼ፣ መርዶ ያልተነገረው ሰው ሐዘንተኛ አይደለም። ሀገራችን እንዲህ ነው የሚለው። ከከፈትኩ እነሱ ይናገራሉ፤ ከተናገሩ እኔ ወንድም የለኝም። ካልከፈትኩ አለኝ። እዚህ ሀገር ሌላ ምን አለኝ? ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። እንደ ድሮው ይጻፉልኝ። እንዳለው ዛሬ ማን ዘንድ እንደሄደ፣ መንገዱ ጭቃ እንደነበር፣ ቤት ሲገባ ምን እንደበላ ይጻፉልኝ። እርስዎ ያልሆነ ነገር እንደማይጽፉ አውቃለሁ። ለእኔ ሲሉ ይጻፉ። ቁጣዎንም አይተውት፤ ስለ ዩኒቨርሲቲው ይቆጡልኝ፣ ከመካከሉ አንድ መስመር ለእሱ ይስጡልኝ።

ንግሥቴ


ፍኖተ ሰላም
መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ ንግሥቴ፤

ሰላምታ የለኝም። ተቀምጠሽ አንብቢ። ብቻሽን ከሆንሽ ጎረቤትሽን ጠርተሽ ከጎንሽ አስቀምጫት፤ ቋንቋውን ባትሰማም ትያዝሽ።

የለመንሽኝን ሞከርሁ። «ዛሬ እንዳለው ቡሬ ወርዶ ነበር» ብዬ ጻፍሁ። ቀደድሁት። መምህር ገብረሰንበት ዘንድ ሄጄ መሐላዬን ፍቱልኝ አልሁ። «በሩን ዘግታለች ካልህ በመስኮት ግባ» አሉኝ። ስለዚህ እኔ ነኝ የምነግርሽ።

ወንድምሽ ሞቷል። እንዳለው ሞቷል፣ ንግሥቴ።

የሞተው መስከረም 20 ቀን ነው፤ የመስቀል ሰሞን፣ አደዩ ገና ሳይረግፍ። የዚያን ቀን ቡሬ የሄደው ለአንዲት ሴት የአባቷን መርዶ ሊያደርስ ነበር። ሰው ሁሉ የሚሸሸውን መልእክት ለእሱ ነበር የሚሰጡት፤ ሲነግር አይቸኩልም፣ ሳያባብልም አይነሣም ነበርና። ሴትዮዋ ኋላ እንደነገረችኝ፣ ነገሩን የነገራት ጎረቤቶቿን አስቀድሞ ሰብስቦ ነው። ልጇን አቅፎ እስኪበርድላት ከደጇ ተቀመጠ። እህል አቀረቡለት፤ መርዶ ባደረሰበት ቤት እህል የማይቀምስ ሰው ነበርና አልበላም። ሳይመሽ ልግባ ብሎ ተነሣ። መንደር ሳይደርስ መቱት። ከኋላ ነው የመቱት። ቶሎ ነው ያረፈው፤ ይህን ላጽናናሽ ብዬ አልጻፍሁትም፤ ገላውን ያጠቡትን ሰዎች ጠይቄ፣ ደግሜ ጠይቄ ያረጋገጥሁት ነው።

ተቆጪ ብለሽኛል፤ ልቆጣ። ሩጫ የሚከበርበት አዳራሽ አለን፤ ሰው የሚሮጥበት መንገድ የለንም። ልጁ ሲሮጥ ሀገሩ አሸነፍን አለ፤ ያው ልጅ ሲሮጥ ሀገሩ ጠረጠረው። እኔ ሰዓት ይዤ «ፍጠን፣ አትዙር፣ ወደ ኋላ አትይ» እያልሁ ያስተማርሁት ልጅ ነው። ለማን አቤት እላለሁ? ለያረጋል? ለያረጋልማ ጻፍሁ። ቪዲዮውን እስከ ዛሬ አላወረደውም።

አሁን የማስጨንቅሽን ልጻፍ። የእናትሽ ነው። አርባው ሲደርስ ፍትሐቱ ተደረገ፤ ድግሱን ግን እንቢ አሉ። «እኅቱ ሳታለቅስ የልጄን ተዝካር ማን ይበላዋል?» አሉ። ሽማግሌ ለመናቸው፤ ቄስ ለመናቸው። ጌሾው ተወቅጦ ተቀምጧል፤ ብቅሉ ነቀዘ። ሰው መጥቶ ሲያባብላቸው «ንግሥቴ ሰምታለች ወይ?» ነው የሚሉት። አልሰማችም ሲባሉ እንባቸውን ይውጡታል። ልጅሽ አታውቅም እየተባለች እናት እንዴት ታልቅስ? አንቺ ወንድምሽን በሩ ሥር ቁጭ ብለሽ አቆየሽው። እሳቸው ግን ለልጃቸው ማልቀስ አልቻሉም፤ ያን ቀን ማልያውን ያነሡት ሆዳቸው ስለ ፈነዳ ነው። ለዚያም ተጨበጨበባቸው።

ስለዚህ አልቅሺ። ጀርመኖቹ ይስሙ፤ አምቡላንስ ይጥሩ። ለባንተአምላክ ክፈቺለት፤ እኒያ ቄስ በነጠላ ጫማ ዳግመኛ ለመቆም ዝግጁ ናቸው። ስታለቅሺ ለእናትሽ ደውዪ። ድምፅሽን ይስሙ። ስልኩን እኔ ይዤላቸው ዝግባ ማርያም እሄዳለሁ፤ ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ይዤአቸው እወጣለሁ፤ በየቀኑ እጠብቃለሁ።

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ይህንንም ቃል ከጻፍሁ በኋላ ትክ ብዬ አየሁት፤ ሌላ ቃል ግን የለንም።

ወንድምሽ ልዑልሰገድ


ካሰል
ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ወንድም ጋሼ፤

ትንሣኤው የደስታ ሆኖ እንዳለፈላችሁ ተስፋዬ ነው። እኔ ደኅና ነኝ፤ ቁስሌ ሽሯል።

ደብዳቤዎ ለሆሳዕና ዋዜማ ደረሰኝ። አልከፈትኩትም። ፖስታው ግን ወፍራም ነው፤ በእጄ መዘንኩት። እንዲህ ብዙ የሚጻፍለት ሰው ደኅና ቢሆን ነው አልኩ። እግዜር ይስጥልኝ፤ ደክመውልኛል።

ለእናቴ ጉልበቷን ሳሙልኝ። ለእንዳለውም በያለበት ሰላም በሉልኝ።

እህትዎ ንግሥቴ